የኳስን ፊደል ያስቆጠረው ሰው

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የፋኩልቲያችን ቡድን ሦስት ለባዶ ተሸንፎ ነበርና የክርክሩ መነሻ እርሱ መሆኑ አያስደንቅም። አንዱ ጓደኛችን (ስሙን እዚህ አንጠራም፤ ራሱን ያውቃል) ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ ኳሱን ከአግዳሚው በላይ ሰዶት ነበር። ግማሾቻችን ዕድሉ ነው፣ ሌላ ቀን ይገባለታል ብለን አለፍነው። ግማሾቻችን ደግሞ ኳስ ተጫዋች ይወለዳል እንጂ አይሠራም፣ ያልተሰጠውን ከየት ያመጣዋል አልን። ኳሱ ለምን ወደ ላይ እንደ ወጣ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አንድም አልተገኘም።

ይህን ጥያቄ የጠየቀ አንድ እንግሊዛዊ ወጣት ነበር፤ ከጠየቀ ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል። ስሙ ጂሚ ሆጋን ይባላል። በጥያቄው ምክንያት አገሩን ለቆ በአውሮፓ ሲዘዋወር ኖረ፤ የሌሎች አገር ልጆች ከእርሱ የተማሩትን ይዘው በመጨረሻ የገዛ አገሩን በገዛ ሜዳዋ አሸነፉ። እኛም የክፍላችንን ክርክር በጩኸት ከመጨረስ የእርሱን ሕይወት ብንጽፍ ይሻላል ብለን ተነሣን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ አንባቢ ይህን አስቦ ያንብብልን።

ሆጋን ኦክቶበር 16 ቀን 1882 በሰሜን እንግሊዝ በላንካሺር ግዛት፣ ኔልሰን በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በአጠገቧ ባለችው በበርንሊ ነው። ወላጆቹ የአየርላንድ ዘር ያላቸው ካቶሊኮች ነበሩና ልጃቸው ካህን እንዲሆንላቸው ተመኝተው ማንችስተር ወደሚገኘው የቅዱስ ቤዳ ኮሌጅ ሰደዱት። እርሱ ግን ትምህርቱን ፈጽሞ ሲወጣ ልቡ ከቅስናው ይልቅ ወደ ኳሱ አደላ። የሆነ ሆኖ የሰባኪነት ጠባይ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም፤ ሌላው ሰው ስለ ገንዘብና ስለ ዋንጫ ሲያወራ እርሱ ስለ ኳስ አበራረድ ይሰብክ ነበር።

በበርንሊ ቡድን ገና ልጅ ተጫዋች ሳለ አንድ ቀን ወደ ግብ የለጋው ኳስ ከአግዳሚው በላይ ሄደ። ጥፋቱ እግሩ ያረፈበት ቦታ ይሁን፣ ወይስ ሰውነቱ ሚዛን መሳቱ፣ እንዲነግረው አሠልጣኙን ስፔን ዊተከርን ጠየቀው። አሠልጣኙም ነገሩን እንደ ዋዛ ቈጥሮ ዝም ብሎ መለጋቱን እንዲቀጥል፣ ከአሥሩ አንዱ ከገባለት ይበቃዋል ሲል መከረው። ሌላ ወጣት ቢሆን በዚህ ምክር ተጽናንቶ በሄደ ነበር። ሆጋን ግን የቀሩት ዘጠኙ ለምን እንደሚባክኑ ማሰቡን አልተወም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታውን ቁራጭ በቁራጭ እየፈታ መመርመር ያዘ።

መንገዱ ሁሉ ቀና ነበር ማለታችን አይደለም። ፈጣን ለመሆን ብሎ አባቱን አንድ ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት በቤት ውስጥ አሠርቶት በየቀኑ ሠላሳ ማይል ያህል ይረግጥ ነበር። ኋላ ሲመረምረው ግን ፍጥነት ሊጨምርለት ቀርቶ የባቱን ጡንቻ እያጠነከረ ጭራሽ የሚያስረው ሆኖ አገኘው፤ ወዲያው ተወው። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወድለት ብስክሌቱን መሥራቱን ሳይሆን መተዉን ነው።

በዚያን ዘመን እንግሊዞች ተጫዋችን የሚያሠለጥኑበት መንገድ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። ተጫዋቹ ሳምንቱን ሙሉ ሜዳውን ሲዞር፣ ሲሮጥና ሲራመድ ይሰነብታል፤ ኳስ ግን ብዙም አይሰጠውም። ምክንያታቸውም ሰው ከኳስ ሰንብቶ ቅዳሜ ሲያገኘው ይራበዋል፣ ተርቦም በደንብ ይጫወታል የሚል ነበር። ከሳቅን በኋላ ግን ወደ ራሳችን ስንመለከት ዝም ማለት ይሻለናል። እኛ ራሳችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሜዳውን ሃያ ጊዜ እየዞርን ነው የሠለጠንነው፤ ለሠላሳ ልጆች የነበሩት ሁለት ኳሶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፎባቸው የሚወጡት ለግጥሚያ ብቻ ነበር። ዛሬ ከመካከላችን በግራ እግሩ ኳስ የሚያቀብል ስንት እንዳለ አንባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳ መጥቶ ይቊጠር።

ሆጋን ከበርንሊ በኋላ በ1905 ለንደን ወርዶ ለፉልሃም ተጫወተ። በዚያም ሃሪ ብራድሾ የሚባል አሠልጣኝ የስኮትላንዶችን አጨዋወት ይወድ ስለ ነበር ኳስን መሬት ለመሬት በአጭሩ እየተቀባበሉ መሄድን ተማረ። በ1908 ወደ ቦልተን ተዛወረ። ሆጋን ምርጥ ተጫዋች ነበር ብለን አናጋንንም፤ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫውቶ አያውቅም። ዕጣው የተለወጠው ቦልተን ወደ ኔዘርላንድ ተሻግሮ የዶርድሬኽትን ቡድን አሥር ለባዶ ባሸነፈበት ጊዜ ነው። ባልንጀሮቹ በድሉ ሲስቁ፣ እርሱ የተሸነፉትን አይቶ አንድ ቀን ተመልሶ ጨዋታውን በደንብ እንደሚያስተምራቸው ለራሱ ቃል ገባ።

ቃሉንም ጠበቀ። በ1910፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ የዶርድሬኽት አሠልጣኝ ሆነ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሲሆኑ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ይህን ስናነብ እኛም ትንሽ ደስ ብሎናል። ተማሪ ሲነግሩት ለምን ብሎ ይጠይቃልና ሆጋን የሚፈልገውን ሰው ያገኘ ይመስለናል። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድን ብሔራዊ ቡድን ለአንድ ግጥሚያ ይዞ፣ ልክ በልደቱ ቀን ኦክቶበር 16፣ ክሌቨ በሚባል የጀርመን ከተማ ጀርመኖችን ሁለት ለአንድ አሸነፈ።

በ1912 ኦስትሪያዊው ሁጎ ማይዝል ለስቶክሆልም ኦሊምፒክ ቡድኑን እንዲያዘጋጅለት ወደ ቪየና ጠራው። የመጀመሪያው ልምምድ አልቀናውም። ተጫዋቾቹ የአገራቸው ስመ ጥሮች ነበሩና ይህ እንግሊዛዊ መጥቶ ኳስ ማብረድና ማቀበል ሲያስተምራቸው እንደ ሕፃን የተቈጠሩ መሰላቸው፤ አነጋገሩንም በደንብ አልተረዱትም። ይህ ቅሬታ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፊደሉን ሳይለይ ዳዊት የሚደግም ልጅ አለ፤ ቃሉን በጆሮው ይዞ ይወርደዋል፣ የኔታ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አሳርፈው ይህ ምንድን ነው ሲሉት ግን ይጠፋዋል። ሆጋንም ጣቱን መስመሩ ላይ የሚያሳርፍ መምህር ነበር። ማይዝል ይህን ስለ ተረዳለት ሁለቱ ሌሊቱን ሲወያዩ አመሹ፤ ወዳጅነታቸውም እስከ ማይዝል ሞት እስከ 1937 ዘለቀ። በኦሊምፒኩ ኦስትሪያ ጀርመንን አምስት ለአንድ አሸንፋ በኔዘርላንድ ሦስት ለአንድ ተሸነፈች፤ ማለትም ሆጋን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካሠለጠናት አገር ጋር ገጥማ ነው የወደቀችው።

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ሆጋን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቪየና ነበር። የጠላት አገር ዜጋ ነው ተብሎ ታሰረ። ቤተሰቡ በ1915 ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ እርሱ ብቻውን ቀረ። ብላይዝ የሚባሉ፣ በቪየና ትልቅ ሱቅ የነበራቸው ወንድማማች እንግሊዞች ዋስ ሆነው አስፈቱት፤ በቤታቸውም ልዩ ልዩ ሥራ እየሠራ ለልጆቻቸው ቴኒስ ያስተምር ጀመር። በ1916 ግን የቡዳፔስቱ ኤም ቴ ካ ክለብ ባለሥልጣን የነበረ፣ በእንግሊዝ አገር የተማረ አንድ ባሮን ወደ ሀንጋሪ እንዲሻገር አስፈቀደለት። ሆጋን በጠላት አገር፣ በፖሊስ ጥበቃ ሥር፣ የኳስ አሠልጣኝ ሆነ።

የሕይወቱ ፍሬ የታየው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ትንሽ እንቆይበት። የክለቡ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ጦር ሜዳ ዘምተው ነበር፤ ስለዚህ ሆጋን የተሠሩ ሰዎችን ሳይሆን ልጆችን መፈለግ ግድ ሆነበት። አንድ ቀን አንጎል ፓርክ በሚባለው መናፈሻ ሲንሸራሸር ሁለት ጎረምሶች ኳስ ሲጫወቱ አየ። አንዱ ጊዮርጊ ኦርት፣ ሌላው ዮዜፍ ብራውን ይባላሉ፤ ሁለቱም በ1901 የተወለዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ሆጋን ወዲያው የእኔ ናቸው ብሎ ያዛቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከትምህርት ሲወጡ ሜዳ ላይ ይጠብቃቸዋል። ኳሱ በየትኛውም ከፍታ ቢመጣ በአንድ ንክኪ ማብረድ፤ ሳያበርዱ በፊት ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን፤ በቀኝም በግራም እኩል መምታት፤ ለጓደኛ እግር ሳይሆን ጓደኛ ለሚሮጥበት ስፍራ ማቀበል፤ በቴስታ ሲመቱ ዓይንን አለመጨፈን። ስንዘረዝረው ምንም አዲስ ነገር የለበትም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን እንላለን። ልዩነቱ ግን ሆጋን እኒህን አምስት ስድስት ነገሮች ልጆቹ እስኪሰለቹ ሳይሆን፣ ከሰለቹ በኋላ ሰውነታቸው ያለ አሳብ እስኪሠራው ድረስ ማስደገሙ ነው። የሚደገመውም በኳስ እንጂ በሩጫ አልነበረም። ራሱም ቆሞ አያዝም፤ ታኬታውን አድርጎ አብሮ ይሠራ ነበር።

የክፍላችንም ክርክር እዚህ መናፈሻ ላይ ይገጥማል። ይወለዳል የምንለው ወገኖች፣ ሆጋን ሁለቱን ልጆች መናፈሻ ውስጥ ያገኛቸው ችሎታ ስለ ነበራቸው ነው ብንል ልክ ነን፤ በዚያው መናፈሻ የሚጫወቱ ሌሎችም ነበሩና። ነገር ግን ያ ችሎታ ከትምህርት በኋላ ያሉትን እነዚያን ሁሉ ከሰዓቶች ባያገኝ የመናፈሻ ችሎታ ሆኖ ይቀር እንደ ነበር ማን ይክዳል? በየሰፈራችን አብዶ ሲሠራ ሰው የሚያሰባስብ፣ በሃያ ዓመቱ ግን ስሙ የጠፋ ልጅ የማያውቅ አንባቢ አለን ብለን አናምንም።

ኤም ቴ ካ ከ1917 እስከ 1925 ያለ ማቋረጥ የሀንጋሪ ሻምፒዮን ሆነ። ሆጋን ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ቢመለስም የተከለው ሳይነቀል ኖረ ማለት ነው። የሁለቱ ልጆች ዕጣ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። ኦርት በ1925 ቪየና ላይ ተመትቶ ጉልበቱ በጽኑ ተጎዳና ገና በሃያ አራት ዓመቱ እንደ ቀድሞው መጫወት አልሆነለትም። ብራውንም በጉዳት ምክንያት ከጨዋታ ቶሎ ተለየ፤ አይሁዳዊ ነበርና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለግዳጅ ሥራ ተወስዶ በ1943 በምሥራቁ ግንባር ሞተ።

ሆጋን እንግሊዝ ሲደርስ በሊቨርፑል የትምባሆ ፋብሪካ ሥራ ያዘ። በጦርነቱ ምክንያት ለተቸገሩ የኳስ ተጫዋቾች መርጃ ሁለት መቶ ፓውንድ እንደሚሰጥ ሰምቶ፣ ለመጓጓዣ አምስት ፓውንድ ተበድሮ ለንደን ወደሚገኘው የእግር ኳስ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሄደ። ዋና ጸሐፊው ሰር ፍሬደሪክ ዎል ያወጣለት ሦስት ጥንድ የካኪ ካልሲ ነበር፤ ጦር ሜዳ የነበሩት ልጆች ይህን በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው እንደ ነበርም አከለበት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጦርነቱን በጠላት አገር ኳስ እያስተማረ አሳልፏልና እንደ ከዳተኛ ቈጥሮታል። ታስሮ የነበረ ሰው ወደ ጦር ሜዳ በምን መንገድ ይሄድ እንደ ነበር ለጸሐፊው አልታየውም። ሆጋን ይህን ቀን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም፤ እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን አንረሳውም ነበር።

እንደ ገና ወጣ። በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሁለተኛ የወጣውን የስዊስ ቡድን ካሠለጠኑት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። በመካከሉ ጥቂት ጊዜ ወደ ቡዳፔስት ተመልሶ፣ ከዚያ ጀርመን ገባ። በጀርመን የገጠመውን ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች ሳንናገር አናልፍም። ጀርመንኛው ደካማ ስለ ነበር የእግር ኳሱ ባለሥልጣኖች ተጠራጥረውት በአንድ ትልቅ ስብሰባ ፊት እንዲናገር አደረጉት። ሆጋንም የኳስ መምህር መሆኑን ሊናገር ፈልጎ የቋንቋ ፕሮፌሰር ነኝ አለ፤ በዚያ ቋንቋ! ሰዉ ሳቀ። ቀጠለና የባሰ ተሳሳተ፤ የባሰ ተሳቀበት። ዕረፍት ጠይቆ ወጣና የቦልተን ማሊያውን ለብሶ ተመለሰ። ጫማውንም ካልሲውንም አወለቀ። አብዛኞቹ የጀርመን ተጫዋቾች ኳስ በትክክል መምታት እንደማይችሉ ከተናገረ በኋላ፣ ዐሥራ አምስት ያርድ ያህል ርቆ የቆመውን የእንጨት ሰሌዳ በባዶ ቀኝ እግሩ ለጋው። ኳሱ ነጥሮ ሲመለስ በሁለት እግር የመጫወትን ጥቅም እያስረዳ በግራው ደገመው፤ ሰሌዳው ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዋስው የጠየቀው አልነበረም። በድሬስደን ቡድን ካስተማራቸው ልጆች አንዱ ሄልሙት ሾን ይባላል፤ ይህን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

በ1932 ዲሴምበር 7 ቀን ሆጋን ከማይዝል ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የኦስትሪያ ቡድን ለንደን ላይ በእንግሊዝ አራት ለሦስት ተሸነፈ፤ ነገር ግን እንግሊዞች እንዲህ ያለ የኳስ ቅብብል በሜዳቸው አይተው አያውቁም ነበር። በዚህም ምክንያት ይመስላል በ1934 ፉልሃም ሥራ አስኪያጅ አድርጎ የጠራው። የጎለመሱት ተጫዋቾች ግን እኛ ምን እንማራለን ብለው አጉረመረሙ፤ ሆጋን የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ከሥራ መሰናበቱ ተነገረው። የያዘው ቡድን ሠላሳ አንድ ግጥሚያ ብቻ አድርጎ ነበር። በቪየና በ1912 የሰማው ቅሬታና በለንደን የሰማው አንድ ነው፤ የተለየው የሚደግፈው ማይዝል አለመኖሩ ነው። በ1936 የኦስትሪያን አማተሮች ይዞ በበርሊን ኦሊምፒክ ለፍጻሜ ደርሶ በኢጣሊያ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የወረደው አስቶን ቪላ ወሰደው፤ በ1938 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን አድርጎ ወደ ላይ መለሰው። ሌላ ጦርነት መጣና ይህንም አቋረጠው።

ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ሆጋን የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ሥራውም የአስቶን ቪላን ልጆች ማሠልጠን ነው። በዚያን ቀን ልጆቹን ይዞ ዌምብሌ ገባ። መቶ ሺህ ያህል ተመልካች በተገኘበት ሀንጋሪ እንግሊዝን ስድስት ለሦስት አሸነፈች። ሂደግኩቲ ሦስት፣ ፑሽካሽ ሁለት፣ ቦዥክ አንድ አገቡ። ከአውሮፓ አህጉር የመጣ ቡድን እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከስድስቱ ግቦች ሰው የማይረሳው፣ ፑሽካሽ ኳሱን በእግሩ ውስጥ መዳፍ ወደ ኋላ ጎትቶ የእንግሊዙን አምበል ቢሊ ራይትን ባዶ ሜዳ ላይ አንሸራትቶ ያገባው ነው። ያ ጉተታ ማንም ልጅ በአንድ ሳምንት ሊማረው የሚችል ነው፤ በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት ማድረጉ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከጨዋታው በኋላ የሀንጋሪ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሻንዶር ባርች የሚያውቁትን ሁሉ ያስተማራቸው ጂሚ ሆጋን መሆኑን ለጋዜጠኞች ተናገረ። ይህ በጨዋነት የተነገረ ትልቅ ምስጋና ነው እንጂ እኛ እንዳለ አንቀበለውም። ፑሽካሽና ቦዥክ በቡዳፔስት ዳር በኪሽፔሽት ጎረቤታሞች ሆነው በባዶ እግራቸው ያደጉ ናቸው፤ ፑሽካሽም እንደ እኛ የሰፈር ልጆች መጀመሪያ የመታው የጨርቅ ኳስ ነው። ሆጋን አላስተማራቸውም። አሠልጣኛቸው ጉስታቭ ሼቤሽ ግን በኤም ቴ ካ የተጫወተ ነበር፤ ሂደግኩቲም የዚያው ክለብ ሰው ነው። የጨርቅ ኳሱ ልጅ ትልቅ ክለብ ሲገባ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አሠልጣኝ የጠበቀው፣ አንድ ሰው በ1916 በዚያ ከተማ ስለ ሠራ ነው። ሆጋን ያን ቀን ከአስቶን ቪላ ልጆች መካከል ተቀምጦ ምን እንዳሰበ ብናውቅ ደስ ባለን።

ጉልበቱ የተሰበረው ኦርትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አሠልጣኝ ሆኖ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ፤ በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በ1930 ቺሊን፣ ኋላም ፔሩን አሠለጠነ። በሜይ 1959 የኦርት ፔሩ ሊማ ላይ እንግሊዝን አራት ለአንድ አሸነፈ። ከአንጎል ፓርክ እስከ ሊማ ያለውን መንገድ በካርታ ላይ ያስተዋለ ይደነቃል። ኦርት በ1962 ሞተ።

ሆጋን እስከ እርጅናው ድረስ ከልጆች አልተለየም፤ ዘጠና አንድ ዓመት ኖሮ በጃንዋሪ 1974 መጨረሻ ባደገባት በበርንሊ ዐረፈ። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ለልጁ በጻፈው የሐዘን ደብዳቤ የጀርመን ዘመናዊ እግር ኳስ መሥራች ብሎ ጠራው። በዚያው ዓመት ጁላይ 7 ቀን ሙኒክ ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። የምዕራብ ጀርመን አሠልጣኝ የድሬስደኑ ሄልሙት ሾን ነበር፤ ተጋጣሚዋ ኔዘርላንድ። ውጤቱም በ1910 ክሌቨ ላይ እንደ ነበረው ሁለት ለአንድ ሆነ፤ በዚህኛው ያሸነፉት ግን ጀርመኖች ናቸው።